ኢጃዛ የበዛበት ቢሮ

ዕውቀትን የሚያከብሩ መሥሪያ ቤቶች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ፣ አላህ ይጠብቀውና፣ ካርቱም ውስጥ ዐማራት በሚባል ሰፈር ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይገኝ ነበር። ይህ የተከበረ መሥሪያ ቤት ለትልልቅ ድርጅቶች ሶፍትዌር ይሸጣል። ደመወዙን፣ መጋዘኑን፣ የሠራተኛውን መውጣት መግባት በአንድ ቋት የሚይዘውን ይህን ሶፍትዌር ሁሉም በአጭሩ «ሲስተሙ» ይለዋል። ሥራ አስኪያጁ ዐብደልወሃብ፣ በካርቱሞች አጠራር ሙዲር ዐብደልወሃብ፣ በየሳምንቱ ሠራተኛውን ሰብስበው ስለ መማር ጥቅም ይናገሩ ነበር። ንግግሩ ከሥራ መውጫ ሰዓት ስለሚያልፍ የማታ ተማሪ የነበሩት ሁሉ ክፍል እያመለጣቸው ትምህርታቸውን ትተዋል።

ንግግሩን ከልቡ ያመነው ሙስዐብ ብቻ ነበር። አባቱ ሱዳናዊ ናቸው። እናቱ ሐምዲያ ከወሎ መጥታ በዚያው በዐማራት ቪላዎች እየሠራች ከከተማው ዳር ሶባ ላይ አሳድጋዋለች። ሙስዐብ የሲስተሙ ዋና ነዳፊ መሆን ይመኛል። ለዚያ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ ዲግሪውን ለመያዝ ከሰዓት በኋላ ከሥራ መውጣት አለበት፤ ከሥራ የሚወጣ ሰው ደግሞ ዋና ነዳፊ አይሆንም። ይህን ሁሉ እያወቀ ለዩኒቨርሲቲ አመለከተ።

የመግቢያ ፈተናው በደረሰበት ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሻጭ የማይደፍረውን ደፈረ። የሚሸጠውን ሲስተም ራሱ ሊጠቀምበት ወሰነ። ወደ ዐረብኛ የመመለሱ ሥራ ለሙስዐብ ደረሰው። ለሠራተኛ ዕረፍት የተተወውን ቦታ «ኢጃዛ» ብሎ ሞላ፤ ይህ ትክክል ነው፣ የካርቱም ሰው ዕረፍት ሲወጣ ኢጃዛ ወጣሁ ይላል። ለትምህርት ማስረጃ የተተወው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሐሳቡ ፈተናው ላይ ነበርና እንደ ካርቱም ሰው ሁሉ «ሸሃዳ» በማለት ፈንታ የእናቱ ቃል አመለጠው። በሐምዲያ አገር ሸኹ ኪታቡን ለጨረሰ ደረሳ እንዲያስተምር የሚሰጡት ፈቃድ ኢጃዛ ይባላል። ስለዚህ ይህንንም «ኢጃዛ» አለው። ሲስተሙም ታዛዥ ነውና ዕረፍቱንና ዲግሪውን በአንድ ከረጢት ከተታቸው።

ሲስተሙ የሠራተኛውን ዝርዝር ሲያወጣ ቢሮው በመገረም ተዋጠ። በመካከላቸው ታላቅ ሊቅ ተደብቆ ኖሯል። እሱም ኮስቲ ከተማ ያሉት አክስቱ በየሦስት ወሩ የሚሞቱበት ፈድለላ ነበር። የዕረፍት ቀኖቹ አንድም ሳይቀሩ ዲግሪ ሆነው ተቆጠሩለት። ወዲያውም የሥልጠና ክፍል ኃላፊ ተደርጎ ተሾመ። በሹመቱ ቀን ኢጃዛ ላይ ስለነበረ ጭብጨባው ለወንበሩ ተደረገ።

ሙስዐብ ዩኒቨርሲቲው ሲቀበለው በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለትምህርት እንዲፈቀድለት ሊጠይቅ ገባ።

«ያ ወለዲ» አሉት ሙዲሩ በአባትነት፣ «መማር መሠረት ላለው ሰው ነው። ሲስተሙ ስምህ ላይ አንዲት ኢጃዛ እንኳ የለችም ይላል።»

«ዕረፍት ወጥቼ ስለማላውቅ ነው፣ ሙዲር፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬም ገና አልገባበትም። ስሕተቱ የኔ ነው፤ ዛሬውኑ አርመዋለሁ።»

ሙዲሩ ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ሲስተሙን የገዙን ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ተሳስቷል ካልን ሁሉም ተሳስተዋል ማለት ነው። እንዲህ የሚለው አንድ ሰው አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ ኢጃዛ የለህም። ሂድና መጀመሪያ ኢጃዛ ውሰድ። ኻላስ።»

ሙስዐብ ደረጃው ላይ ሲደርስ ነገሩ ገባውና ብቻውን ሳቀ። ያጠራቀመውን ዕረፍት በግማሽ በግማሽ ቀን እየቆረሰ ክፍል ይገባበት ጀመር። ሶባ ሄዶ ሙዲሩ ኢጃዛ እንደሰጡት ሲነግራት ሐምዲያ እልል አለች። ጎረቤት ተጠራ፣ ዶሮ ታረደ፤ አንዳንዶቹም ሸኽ ሙስዐብ ይሉት ጀመር።

«እማ፣ ይሄ እኮ የካርቱሙ ኢጃዛ ነው» አላት።

«ኢጃዛ ኢጃዛ ነው። ይልቅ እጅህን ታጠብና ዱዓ አድርግላቸው።»

በቢሮው ደግሞ የመማር ፍቅር እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ሒሳብ ክፍሉ ለዕውቀት ሲል ከሥራ ቀረ፤ ጥገና ክፍሉ ተከተለው። ሙዲሩም ከሠራተኛቸው አንሰው መታየት ስላልወደዱ ፖርትሱዳን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርደው ለብዙ ሳምንት ተመራመሩ። ሙስዐብ ከክፍል እየተመለሰ የሁሉንም ስልክ ያነሣል፣ የሁሉንም ሥራ ይሠራል። ሲደክመውም የሙዲሩን ንግግር አስታውሶ ይበረታል።

የምረቃው ቀን ሲደርስ ዕረፍቱ አልቆ ነበር፤ ቢሮው ውስጥም ከእሱ በቀር ሰው የለም። ገና በጠዋት ከአንድ ዱቄት ፋብሪካ ተደወለ። ሲስተሙ ቆሞ፣ የጫኑ መኪኖች ከበር መውጣት አቅቷቸዋል። ሙስዐብ ለምረቃው የገዛውን ኮት ወንበር ላይ ሰቅሎ ሲጠግን ዋለ። ሐምዲያ አዲሱን ቶቧን ለብሳ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ፣ ስሙ ሲጠራ ለሌለ ልጇ ብቻዋን እልል አለች።

ዲግሪውን እጁ እንዳስገባ ከነምረቃው ቀን ሲስተሙ ላይ መዘገበው። ሲስተሙ «ኢጃዛ፣ አንድ» ብሎ ተቀበለውና ቀኑን አየ። ዕረፍቱን ለጨረሰ ሠራተኛ ይህ ያልተፈቀደ አንድ የዕረፍት ቀን ነው። ወዲያው ሙስዐብ በተመረቀበት ቀን ያለፈቃድ ከሥራ መቅረቱን ገልጦ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ሙስዐብ በአንድ እጁ ዲግሪውን፣ በሌላው ማስጠንቀቂያውን ይዞ ዋና ነዳፊነቱን ሊጠይቅ ገባ። ሙዲሩ በባሕሩ ምርምር ፊታቸው ጠቁሮ፣ አምሮባቸው ነበር። ሁለቱንም አነበቡ።

«በዚያ ቀን የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የዱቄት ፋብሪካውን ስጠግን ዋልኩ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ሁሉም ኢጃዛ ላይ ነበር።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ኢጃዛ ላይ ነበሩ፣ ሙዲር።»

ሙዲሩ ዲግሪውን አጥፈው በአክብሮት መለሱለት። «አየህ ያ ወለዲ፣ ሲስተሙ አይሳሳትም። እኛ ሁላችን ለዕውቀት ስንወጣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። የቀረ ሰው ደግሞ ዋና ነዳፊ አይሆንም።»