ቀለም በግራም የሚሸጡትን አማቴን ልሰልል ሄጄ

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አጋነንክ ትሉኛላችሁ። አላጋነንኩም። እንዲያውም የቀነስኩት አለ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ደብረ ብርሃን አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ነኝ። ጠርሙሱ እስከ መስመሩ ሞልቷል ወይስ ጎድሏል? እሱን ነው የማየው። ቀኑን ሙሉ።

ይሄ ሥራ ሰውን ያበላሻል።

ጁስ ቤት ስገባ ጎንበስ ብዬ የብርጭቆውን አፍ በዓይኔ ልክ አየዋለሁ። ዘይት ስገዛ ጄሪካኑን ወደ ብርሃን አነሳለሁ። የሰፈሬ ባለሱቆች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው ይለወጣል።

እዚሁ ደብረ ብርሃን የምትኖረው እጮኛዬ መቅደስ "አንተ እኮ ስታቅፈኝም እየለካኸኝ ይመስለኛል" ትለኛለች። (አልለካትም። አብዛኛውን ጊዜ።)

እጮኛ የምላት ደግሞ እኔ ነኝ። አባቷ ገና እሺ አላሉም።

አባቷ ጋሼ ተክሌ አንኮበር ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ሽማግሌ ልኬ ነበር። "እስቲ እናጣራና እንነጋገር፤ በመጪው እሑድ ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው። ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ግን ቃሏን ልብ በሉልኝ።

እናጣራ።

እኔን! በገዛ ሙያዬ መጡብኝ።

እኔም አሰብኩ። እሳቸው እኔን ካጣሩ እኔስ እሳቸውን ባጣራ ምን ነውር አለው? መልኬን አያውቁትም። መቅደስ "እሺ ሳይል ፎቶህን አላሳየውም" ብላ እንደደበቀችኝ ነው።

ይሄን ሳሰላስል ነው መቅደስ በጨዋታ መሃል አንዲት ነገር የጣለችው። አባቷ የብዕር ቀለም ይሸጣሉ። አዎ፣ ዛሬም የሚገዛ አለ። ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣ ሰርተፍኬት በእጃቸው የሚሞሉ መምህራን፣ በቀለም ካልፈረሙ የፈረሙ የማይመስላቸው አዛውንቶች። ጋሼ ተክሌ ቀለሙን ከመርካቶ በጄሪካን ያስመጡና በትንንሽ ጠርሙስ እየቀዱ ይሸጣሉ።

"በግራም" አለችኝ።

"ምን በግራም?"

"ቀለሙን። እየመዘነ ነው የሚሸጠው።"

ፈሳሽ! በሚዛን!

እናንተ እንዴት እንደምታዩት አላውቅም። እኔ ግን በሊትር የሚለካ ነገር ሚዛን ላይ የሚያወጣ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ባይ ነኝ። ጠርሙሱን ከነቀለሙ ቢመዝኑትስ? ለብርጭቆ እያስከፈሉ ቢሆንስ? የልጆቼ አያት ሊሆኑ ነው እኮ ሰውዬው።

ዛሬ ዕረፍቴ ነበር። ለመቅደስ "ልብስ አጥባለሁ" አልኳት። ከሥራ ቦታ የተዋስኩትን የመስታወት መለኪያ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በሚኒባስ ወደ አንኮበር።

ስደርስ ከተማው ጉም ውስጥ ነው። ከሁለት ሜትር በላይ አይታይም። ለሰላይ የተመቸ ቀን ብዬ ደስ አለኝ። ያው፣ ሞኝ ደስ የሚለው እንደዚህ ነው።

ጋሼ ተክሌ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በርጩማ ላይ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ጎረቤት አሉ፤ ማር ነጋዴ ናቸው። እንደተረዳሁት የራሳቸውን ሱቅ ከሚጠብቁት ይልቅ የጋሼ ተክሌን ይጠብቃሉ።

"ቀለም አለ?" አልኩ።

"አለ። ስንት ግራም ልስጥህ?"

"ስንት ሚሊ ነው እንጂ የሚባለው።"

ጋሼ ተክሌ መነጽራቸውን አወለቁ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?"

"ከደብረ ብርሃን።"

"የት ነው የምትሠራው?"

"ጥራት ቁጥጥር።"

ልብ በሉ፣ ቅንጣት አልዋሸሁም።

"ይቀመጡ" አሉኝ።

ገባችሁ? አንተ ስባል ቆይቼ በአንዴ እርስዎ ሆንኩ። ከወንበር ላይ አቧራ አራገፉልኝ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከጎን ካለው ሻይ ቤት ሻይ ታዘዘልኝ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን "ኧረ እኚህ ሰውዬ ከንግድ ቢሮ የመጣሁ ተቆጣጣሪ መስያቸዋለሁ" ይላል። እኔ ምን አልኩ? "ሻይ አዘዙልኝ። ጉቦ ነው።"

ሻዩን ግን ጠጣሁት። በርዶኝ ነበር።

ሃምሳ ግራም አዘዝኩ። ባዶዋን ጠርሙስ መዝነው ክብደቷን ነገሩኝ፤ ከዚያ ቀለሙን እየጠበቁ ቀዱ። የጠርሙሷን ቀንሰው ሃምሳ አሳዩኝ። አላጭበረበሩም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ ሰው ፊት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ብቻውን ሲሆን ምን ያደርግ ይሆን?

"በራሴ ልለካው" ብዬ ከካልሲዬ ውስጥ መለኪያውን ሳወጣ እትዬ ዘነበች "በስመአብ" አሉ።

ገለበጥኩት። ቀለሙ ከሃምሳው መስመር ዝቅ ብሎ ቆመ።

"ጎደለ" አልኩ። ድምፄ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብትሰሙት ታፍሩልኝ ነበር።

ቀለም ከውሃ ትንሽ እንደሚከብድ፣ ስለዚህ ሃምሳ ግራሙ ሃምሳ ሚሊ እንደማይሞላ የተማርኩ ሰው ነኝ። ተፈትኜበታለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ትምህርቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

"ሃምሳ ግራም ነው ያልኩዎት" አሉ ጋሼ ተክሌ። "ቀለም ሲቀዳ አረፋ ይሠራል። አረፋው መስመሩን ያሳስታል። ሚዛን ላይ ግን አረፋ የትም አይደርስ።"

"የብዕር ሆድ ግራም አያውቅም። በቦታው ልክ ነው የሚጠጣው" አልኩ።

እትዬ ዘነበች አላስቻላቸውም። "ማር በኪሎ ነው፤ ጠላ በጣሳ ነው። ቀለም ከማር ወገን ነው ከጠላ?"

"ከማር" አሉ ጋሼ ተክሌ። "ይወፍራል።"

"ከጠላ" አልኩ። "ይፈሳል።"

"ማርም ይፈሳል" አሉ እትዬ ዘነበች።

እንዲህ ስንከራከር ነው ዓይኔ ከባንኮኒው ኋላ ወዳለው መጋረጃ የሄደው። በሥሩ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ ይታያል። የውሃ ጠርሙስ። ጋሼ ተክሌ ዓይኔን ተከትለው አዩና ቀስ ብለው መጋረጃው ፊት ቆሙ።

አሃ።

ቀለሙን በውሃ ያቀጥኑታል! ሚዛኑም ግራሙም ለሽፋን ነው። ለመቅደስ እንዴት ነው የምነግራት?

"ይሄን መጋረጃ ቢገልጡልኝ" አልኩ።

"የግል ዕቃ ነው።"

"ይግለጡት።"

ገለጡት። መደርደሪያው ላይ የውሃ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከነመለያቸው። የኛ ፋብሪካ ውሃ። ከሥራቸው ሌላ ትንሽ ሚዛን ተቀምጧል።

"ይሄ ውሃ ቀለሙ ውስጥ ነው የሚገባው?"

ጋሼ ተክሌ ሲያዩኝ ተቆጡ ከምላችሁ ተጎዱ ብላችሁ ይሻላል። "ቀለሜ ውስጥ? ውሃ?" አሉ። ከዚያ ቁጭ አሉ። "እሺ፣ እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፣ አልዋሽዎትም። ልጄን አንድ ልጅ ጠይቋታል። ይሄ ውሃ የሚታሸግበት ፋብሪካ ነው አሉ የሚሠራው፤ የጠርሙሱን ልክ የሚያይ እሱ ነው አሉ። ሰው ጠየቅሁ፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ ዘመዶቹን የሚያውቅ አጣሁ። ምን ላድርግ? ሥራውን ልመዝን ብዬ ውሃውን ገዛሁ።"

ወገን፣ ይሄን አንብባችሁ ጨርሳችኋል? እኔ ሰውዬውን ልለካ ስመጣ ሰውዬው እኔን እየመዘኑ ነበር።

እዚህ ላይ ስሜን መናገር ነበረብኝ። "ጋሼ፣ ልጁ እኔ ነኝ" ብሎ እግራቸው ላይ መውደቅ። በቃ ይሄው ነበር።

እኔ ግን ምን አልኩ? "ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ?"

"ሁሉም ልክ ናቸው። አንዷ ብቻ ተርፋለች። ጎድላ ቢሆን ሌባ ነው ብዬ እገላገል ነበር። ተርፋ ስትገኝ ግን ቸገረኝ። ወይ ቸር ነው፣ ወይ እንቅልፋም ነው። የትኛው እንደሆነ ነው ያልገባኝ።" ከዚያ ድንገት ፊታቸው ፈካ። "ለመሆኑ እርስዎም ጥራት ቁጥጥር አይደሉ? ዳዊት የሚባል ልጅ ያውቁ ይሆን?"

"አውቀዋለሁ" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ።

"እንዴት ያለ ሰው ነው?"

"ቸር ነው።"

"እንቅልፋምስ?"

"ኧረ በጭራሽ። ንቁ ነው።"

"መልኩስ?" አሉ እትዬ ዘነበች ከበርጩማቸው ወደፊት ጠጋ ብለው።

"ደህና ነው።"

"ቁመቱ?"

"እኔን ያክላል።"

ጋሼ ተክሌ ከልባቸው ተነፈሱ። ከብዙ ቀን ወዲህ የተነፈሱ አይመስሉም ነበር። እጄን ያዙኝ። "እግዜር ነው ያመጣዎት" አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ ይታያችሁ፣ "አሜን" አልኩ።

ስልካቸውን አወጡ። "ይሄንንማ ለልጄ አሁኑኑ ልንገራት። ስትበሳጭብኝ ከርማለች።" ደወሉ። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"መቅዲዬ፣ ዳዊትን የሚያውቁ አንድ ትልቅ ሰው እኔ ጋ መጥተዋል። አነጋግሪያቸው።" ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

ሦስታችንም ስልኩን አየን።

ድምፄን ጎርነን አድርጌ "ጤና ይስጥልኝ፣ እመቤት" አልኩ።

መቅደስ፣ "ዳዊት? ጉንፋን ያዘህ እንዴ?"

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ተክሌ መነጽራቸውን አጠለቁ። መለኪያዬን አዩ። ካልሲዬን አዩ። በቀለም ሰማያዊ የሆኑ ጣቶቼን አዩ።

"አንተ" አሉኝ።

እንዲህ ነው ከእርስዎነት የወረድኩት።

"ቆይ፣ አንተ አንኮበር ምን ትሠራለህ?" አለች መቅደስ። "ልብስ እያጠብክ አይደለም እንዴ?"

እኔም ጋሼ ተክሌም በአንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመርን። እኔ የሳቸውን ሚዛን ልመረምር እንደመጣሁ፣ እሳቸው የኔን ውሃ እንደመዘኑ። ባንናገር ይሻል ነበር።

"ጨረሳችሁ?" አለች።

"ጨረስን" አሉ አባቷ።

"አባዬ፣ እኔ የመረጥኩትን ሰው ሚዛን ላይ አወጣኸው። አንተ ደግሞ ዳዊት፣ አባቴን እንደ ሌባ ልትይዝ ሄድክ። እኔን የጠየቀ አለ? እሑድ ሽማግሌ የሚባል እንዳይመጣ። ማንም።"

ዘጋችው።

ጋሼ ተክሌ ስልኩን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። "እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም" አሉ። እዚያ ላይ ነው፣ ወዳጆቼ፣ የእውነት ያፈርኩት። እስከዚያ ድረስ ተዋርጄ ነበር እንጂ አላፈርኩም ነበር።

"ይቅርታ ጋሼ" አልኩ።

"ለኔ አይደለም" አሉ። ተነሱና ጋቢያቸውን አጣፉ። "እትዬ ዘነበች፣ እስክመለስ ሱቁን ይዩልኝ። አንተ፣ ሚኒባሱ ሳያመልጠን ተነሳ።"

እትዬ ዘነበች ማር በትንሽ ዕቃ ቋጥረው ሰጡን። "ባዶ እጃችሁን አትሂዱ" አሉን። መዝነው አይደለም፤ በግምት ነው የሰጡን።

ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን መጣን። ብዙ አላወራንም። መሃል ላይ ብቻ "ያቺ የተረፈችው ጠርሙስ?" አሉኝ።

"ተኝቼ ነበር" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሻላል" አሉ። "እውነቱን መናገርህ ይሻላል።"

አሁን መቅደስ የተከራየችው ቤት በር ላይ ነን። ነን ማለቴ፣ ነኝ። ስናንኳኳ ከፈተች፣ ሁለታችንንም አየች፣ "አባዬ ይግባ" አለች። ማሩን ከእጄ ወሰደች። በሩን ዘጋችው።

እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ይሄን እጽፍላችኋለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቁጣ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻልኩም።

ትምህርቱ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ የምትወዷትን ሴት አባት ልትመረምሩ ከመሄዳችሁ በፊት እሷን ጠይቋት። ሰውዬውን ሃያ ስምንት ዓመት የምታውቀው እሷ ናት። ይሄን ለማወቅ ጥራት ቁጥጥር መሆን አያስፈልግም ነበር።

አሁን የቤቱ አከራይ ወጥተው "ማንን ነው የምትጠብቀው ልጄ?" አሉኝ።

"አማቴን" አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

"ውይ፣ እንኳን ደስ ያለህ" ብለው እጄን ጨበጡኝ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?