ጠንቋዩ ነጎድጓድ መዶሻ የጨበጠበት ዕለት

አሠሪው አቡ ሳልም በሳዑዲዋ ሳብያ ማንጎ እርሻ ላይ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ የሠራተኞቹ ክፍል ማቀዝቀዣ ባረፈ በሦስተኛው ወር፣ ሥራ በሌለበት በዕለተ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፣ ገናናው ዘይኔ ዘወሎ፣ የየመንን በረሃ በእግራቸው ያቋረጡ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ባለቤት፣ በፍራሻቸው ላይ ተሰየሙ። ሠራዊታቸውም ተሰበሰበ፤ የቻርጀሩ ጠባቂ አራጋው በቀኝ፣ መስታወቱን በክርኑ የሰነጠቀው ሀፍቶም በግራ፤ ሌላ ሠራዊት አልነበረም።

የጉባኤውም ምክንያት ታላቅ ነበር። ሦስቱ በአንዱ ስልክ፣ በተራ እየተቀባበሉ፣ በጨዋታ ውስጥ ሰማንያ ቀን ያሳደጉት ጠንቋይ ነበራቸው፤ ስሙ ነጎድጓድ፣ እሳት ከጣቱ የሚያወጣ፣ ሰባት ግዛቶችን ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ተሻግሮ አንድም ፖሊስ ወረቀት ያልጠየቀው። ይህ ጠንቋይ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ ስለ ደረሰ የእጅ ሙያ ሊይዝ ተገባው፤ የጨዋታውም ሕግ አንድ ጊዜ የተያዘ ሙያ ለዘለዓለም አይለወጥም ይላል።

አራጋውም አዋጅ አስነገረ፤ «መድኃኒት ቀማሚ ይሁን። እስከ መቼ የሌላ ተጫዋች መድኃኒት ስንለምን እንኖራለን?»

ሀፍቶምም አዋጅ አስነገረ፤ «አንጥረኛ ብቻ አይሁን እንጂ የፈለገውን ይሁን። ያ ቀጭን ክንዱ እንኳን መዶሻ ማንኪያም አያነሣም።»

ዘይኔ ግን ኮምቦልቻ ሳሉ ስምንት ዓመት በስፌት መኪና ላይ የተቀመጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በሳብያ ልብስ ሰፊ የፈለገ አሠሪ ደግሞ እስከዚያች ዕለት አልተወለደም። ስለዚህ፣ «ካባውን ራሱ ይስፋ» ብለው አወጁ፤ ሠራዊቱም ይህን ስለሚያውቅ ሳይከራከር ተቀበለ።

ያን ጊዜ የሙያው መምህር፣ ጢማም ሽማግሌ፣ በተሰነጠቀው መስታወት ላይ ተገለጠ፤ በዐረብኛም፣ «ምን ሥራ ትችላለህ?» የሚል ጽሑፍ ከእግሩ በታች ወጣ።

በዚህ ጊዜ የጀግናው ታላቅነት ታየ። በሳብያ የሠራተኛ መቆሚያ የአሠሪ ፒክአፕ ቀስ ብሎ፣ መስኮቱ ወርዶ፣ ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ፣ አስቦ የሚመልስ ሰው እዚያው ቆሞ ይውላል። ዘይኔም ወደዚህ እርሻ ሳይመጡ ሁለት ዓመት እዚያ ቆመው፣ ግንበኛ ነኝ ብለው ግመል ያለቡ፣ ቀለም ቀቢ ነኝ ብለው ጉድጓድ የቆፈሩ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄውን ባዩ ጊዜ እጃቸው ከልባቸው ቀድሞ ሮጠ፤ የቀረበውንም ሙያ ነካ። እሱም አንጥረኝነት ነበር።

ለነጎድጓድ መዶሻ ተሰጠው፤ ከመዶሻውም ጋር አብሮ ወደቀ።

ሀፍቶምም፣ «ኸላስ፣ አለቀ። ግመል አላቢው ግንበኛ አንጥረኛ ጠንቋይ ወለደ» ብሎ አወጀ፤ አራጋውም ቻርጀሩ እስኪነቀል ሳቀ። ዘይኔ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በዚህ አገር ዳግም ልብስ ሰፊ የሚሆኑበት ቦታ ያ ጠንቋይ ብቻ ነበርና።

ሀፍቶም ይህን አይቶ ብብቱ ሥር የተተረተረ የሥራ ሸሚዙን አውልቆ ፊታቸው ጣለና የመጨረሻውን አዋጅ አስነገረ፤ «ጠንቋዩ ብረቱን ይቀጥቅጥ። ይቺን ግን አንተ ስፋት።»

ዘይኔም መኖሩን ማንም የማያውቀውን መርፌና ክር ከትራሳቸው ሥር አወጡ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነጎድጓድ በስልኩ ውስጥ ከመዶሻው ጋር ሲታገል ቆይቶ አንድ ጠማማ ሚስማር አወጣ፤ የሸሚዙን ስፌት ግን ከየት እንደ ጀመረ አራጋው በጣቱ ፈልጎ አጣው።

ስለዚህ ምስጋና ለዘይኔ ዘወሎ ይሁን፤ ግመል ላለቡት ግንበኛ፣ ጠንቋይን በመዶሻ ላይ ለሾሙት፣ ሥራ በሌለባት ዓርብ ሙያቸውን ለሠሩት፤ ስማቸውም ከሚስማራቸው ይልቅ ቀጥ ብሎ ለልጅ ልጅ ይቁም።