የምንጣፍ ሥር ቀለበት

ሠራተኛ ማመን ይከብዳል የምትሉ ሁሉ፣ መካነ ሰላም መጥታችሁ ጎረቤቴን ዘይነባን ጠይቁ። ጅዳ ሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ የተመለሰች ናት። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥር የወርቅ ቀለበቷን ምንጣፍ ሥር ትደብቃለች። ሠራተኛዋ አግኝታ ከመለሰችላት ታማኝ ናት፤ ካልመለሰች ሌባ። ምንጣፉን ካላነሳችውስ? ሰነፍ ናታ። ከዚህ የተሻለ ፈተና የት ይገኛል?

በቀደም የተቀጠረችው ሐያት ግን መጥረጊያ እንኳ ሳትይዝ በቀጥታ ሄዳ የምንጣፉን ጥግ ገለጠችና ቀለበቱን አስረከበቻት።

«እንዴት አወቅሽ?» አለች ዘይነባ ደንግጣ።

«ሪያድ ሳለሁ ማዳሜም የምታስቀምጠው እዚሁ ነበር፣ እትዬ።»

ዘይነባ በዚህ የምትረታ መሰላችሁ? በማግስቱ ቀለበቱን ሌላ ቦታ ደበቀችው። ሐያት ገና ከደጅ ሆና፣ «እትዬ፣ ዛሬ የት አደረጉት? ሥራ እንዳይረፍድብኝ» አለቻት።