አፌን የዘጋሁበት ዐመፅ

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ፤ እስካሁን መንጋጋዬን ያመኛል።

የተኛሁት ተናድጄ ነበር። ልጄ ትርንጎ ድልድይ ሊሠራ የመጣውን ራሞን የሚባል ፈረንጅ በማግስቱ ልታገባ ነው። ድልድዩ ሲያልቅ ይዟት ባሕር እንደሚሻገር ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። «ከሠርግሽ አንዲት ጉርሻ አፌ ከገባች መረቅሁሽ ማለት ነው፤ ስለዚህ አትገባም» ብያታለሁ። ጎረቤቴ ስንቅነሽና ታናሽ ወንድሜ ደምሳሽም እንደማይቀምሱ አብረውኝ ምለዋል።

እናላችሁ በሕልሜ ወንዙ ከድልድዩ በላይ የሚፈስበት አገር ሄድኩ። በጎች ሰው ይሸልታሉ። ፈረሶች ሰው ጀርባ ላይ ተቀምጠው በአለንጋ ይነዳሉ። እስረኞች ዘበኞቹን ቆልፈውባቸው፣ እሑድ እሑድ ስንቅ ይዘው ይጠይቋቸዋል። የዚያ አገር ንግሥት ከባሕር ማዶ የመጣ መስፍን ላግባ ብላ ሕዝቡ ሸፍቶባታል። የሸፈተው ጦር አዝማች ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ።

ስንቅነሽ ጦር ይዛ ከኋላዬ ነበረች። ደምሳሽ ጋሻውን እንደ ባርኔጣ ደፍቶታል። ወደ ከተማው የዘመትነው የኋሊት እየሄድን ነው፤ እዚያ አገር ወደ ፊት የሚሄድ ፈሪ ብቻ ነው።

«እታለም፣ በሩ ቢዘጋብንስ?» አለኝ ደምሳሽ።

«ያንን ነገር ከራስህ ላይ አውርደህ ትሰብርበታለህ።»

ንግሥቲቱ ድልድዩን አስፈርሳ ጠበቀችን። ምን ቸገረን፣ በወንዙ ሥር በደረቁ አለፍን። በሩ ላይ አንድ በግ መቀስ ይዞ ቆሟል።

«ለሠርግ ነው ለዐመፅ?» አለኝ።

«ለዐመፅ።»

«ዐመፀኛ ምሳ ሳይበላ አይገባም።»

በሩ ገርበብ አለና ንግሥቲቱ ራሷ ትሪ ተሸክማ ወጣች። ዘውዷን እንደ ድስት ማስቀመጫ ማቶት ከትሪው ሥር አድርጋዋለች። እጇን ታጠበችና ፊት ለፊቷ የቆመውን ወታደር አጎረሰችው። ሲውጥ ጦሩ ከእጁ ወደቀ። ያጎረሰ እጅን መውጋት በዚያ በተገለበጠ አገር እንኳ ነውር ነው።

«አፋችሁን ዝጉ» አልኩ።

ጦሬ አፉን ከፍቶ ተሰልፏል። ስንቅነሽ «ጨው አንሶታል» እያለች ዋጠች። ደምሳሽማ ድገሚኝ አለ። የጎረሰውን ሁሉ በጎቹ አንገቱ ላይ ገመድ እያጠለቁ በሩ ሥር አቆሙት። ብቻዬን ቀረሁ።

ንግሥቲቱ ወደ እኔ መጣች። ቀና ስትል አየኋት፤ ትርንጎ ናት።

«እማዬ፣ ከጎረስሽ እነዚህ ይፈታሉ፣ እኔም ተመረቅሁ። ካልጎረስሽ ይሰቀላሉ።»

«ወዴት ነው የሚወስድሽ?» አልኳት በተነከሰ ጥርሴ መሐል።

«ስትጎርሺ እነግርሻለሁ።»

«እታለም፣ እባክሽ ቶሎ በይ» አለ ደምሳሽ፤ «ገመዱ ያሳክካል።»

ጉርሻው ከንፈሬን ነካ። መንጋጋዬ እስኪንቋቋ ጥርሴን ነከስኩ። ከበሮ ተመታ። በጉ ገመዱን ጨበጠ፣ ወደ እኔ አየ፣ ሳበ።

ነቃሁ። ከበሮው ግን አልቆመም።

ነግቷል። በመስኮት ስመለከት ደምሳሽ ግቢዬ ውስጥ ዳስ ይጥላል። ስንቅነሽ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ጉንጯ ተወጥሮ ያላምጣል። ይኸው ጦሬ።

ልካቸውን ልነግራቸው በሩን ስከፍት ራሞን ደጄ ላይ ተንበርክኳል። ይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚጠየቅ አንዱ መክሮታል፤ ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጣ ግን አልነገረውም። ጫንቃው ላይ ያለው የወፍጮዬ መጅ ነው፤ ከእናቴ የወረስኩት፣ ከእናቴም በፊት እናቷ የፈጨችበት።

«ማሩኝ፣ እማማ» አለኝ። መጁ ወደ ሲሚንቶው አዘነበለ።

ትርንጎ አንድ እጇን ከኋላዋ ደብቃ አጠገቡ ቆማለች። ዐይኗ አፌ ላይ ነው።

መጁ ተንሸራተተ።

«ቀስ ብለህ አውር...»

ትርንጎ እስከ ጉሮሮዬ አጎረሰችኝ።

ጨው አንሶታል።