ወይዘሮ ሮዌና ፊስክ የቀድሞውን አለቃ ከብሌክስቢ ጭቃ ያወጡበት ዜና

እመቤተ ቧንቧ ወመሰላል ወይዘሮ ሮዌና ፊስክ የብሌክስቢን የእሳትና የአደጋ ጣቢያ በያዙ በአራተኛው ዓመት፣ በፈረስ የሚጎተተው የአውራጃው ውሃ መርጫ ጡረታ በወጣ በዘጠና ስድስተኛው፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ የዕለት እንጀራቸው ጸጉር ማስተካከል ነውና፣ የደንበኛቸውን ጸጉር ግማሹን ቆርጠው ግማሹን ሳይቆርጡ የአደጋ መጥሪያው ጮኸባቸው፤ መቀሱንም ጥለው ወጡ። እንደ እርሳቸው ከየሥራቸው የሚጠሩት እሳት አጥፊዎችም ተከተሏቸው፤ ጋጋሪው ኔቪል ዱቄቱን ሳያራግፍ፣ ፖስታ አዳይዋ ጂል፣ ሬሳ ገናዡም ስታንሊ ጥቁር ክራባቱን እንዳሰረ።

እነሆ፣ በባሕሩ ዳር ለዓሣ ማጥመጃ ትል ሲቆፍር አንድ ሰው እስከ ጭኑ በጭቃ ሰምጦ ነበር፤ በየዕለቱ ሸሽቶ የሚመለሰው ባሕርም ሊመጣ አንድ ሰዓት አልቀረውም። ያ ሰው ማን ነው ቢሉ፣ አዛውንቱ ክላረንስ ሞብስ ነው፤ ጣቢያውን ሃያ ስድስት ዓመት የገዛ፣ ሮዌና በወጣትነታቸው ልቀጠር ብለው ቢመጡ «ቧንቧ የጸጉር ማድረቂያ መሰለሽ?» ብሎ የመለሳቸው።

እርሳቸውም ዐዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፤ ከተነጠፈው ሳንቃ ውጪ እግሩን ያሳረፈ በራሱ ፈረደ።» በሳንቃውም ላይ በሆዳቸው እየተሳቡ ደረሱ። ክላረንስ ግን ባልዲውን አቅፎ ማዘዙን አልተወም።

«አንቺ ልጅ፣ ሳንቃውን ወደ ግራ በይው። ስታንሊንም ከዚህ አርቂልኝ፣ አተያዩ አላማረኝም።»

«ጋሽ ክላረንስ፣ ባልዲውን ይልቀቁና እጅዎን ይስጡኝ።»

«ጠዋቱን ሙሉ የቆፈርኩትን ትል?»

«እንግዲያው ትሎቹ ያውጡዎት።»

ለቀቀው። እርሳቸውም በቀጭኑ ቧንቧ ውሃ ወደ እግሩ ሥር እየሰደዱ፣ ጭቃውን እያላሉ፣ ባሕሩ ክርናቸውን እስኪያርስ ታገሉ፤ አዛውንቱም ውሃውን ባየ ጊዜ ክንዳቸውን አጥብቆ ያዘ።

«ይሄን ጸጉር ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አሉት።

«ራሴው፣ በኩሽና መቀስ።»

«ያስታውቃል።»

ሳቀ፤ ሲስቅም አንድ እግሩ ወጣ፣ ሁለተኛውም ቦቲውን ለጭቃው ግብር ትቶ ተከተለ።

በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በእሳት አደጋ መኪናው የፊት ወንበር ተቀመጠ፤ መንደር ሲገቡም ሳይፈቀድለት እጁን ሰድዶ ሳይረኑን አስጮኸ፣ የገሠጸውም አልተገኘ። ሕዝቡ እሳቱ የት ነው እያለ ከየበሩ ቢወጣ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በገዛ አፉ ዐወጀ፦ «እሳት የለም። አለቃዋ እኔን ከጭቃ አውጥታኝ ነው።»

ስለዚህ የብሌክስቢ ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ መረቃቸው፦ ቧንቧቸው አይጠማዘዝ፣ መሰላላቸው አይጠር፣ ባሕሩም ሲመለስ ያስፈቅዳቸው።