ፍሪጁ በዱቤ የገዛው ቤተሰብ

ምንተስኖት ይህን ሕልም ያየው ባለፈው ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ባለበት ነው። አማቱ ወይዘሮ አጸደ የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ። እሱ ደግሞ የእኔው ሕልም ፍቺም አያስፈልገው ባይ ነው።

ምንተስኖት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ የመንገድ ምልክት ያስተምራል። ባለቤቱ ትርሲት የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። አምና መስከረም ላይ በየወሩ እየከፈሉ ሊጨርሱት ባለ ሁለት በር ፍሪጅ በዱቤ ወሰዱ። በደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅ መግዛታቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ፣ ውሃውን ደጅ ብታሳድሩት አይቀዘቅዝላችሁም ወይ እያለ ሳቀባቸው። ፍሪጁን መጀመሪያ የተመኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ዛሬ ከሁለቱ የሚያምን የለም።

የታኅሣሡ ክፍያ ሲጎድል ምንተስኖት ለሚስቱ ሳይነግር ከስልኩ ላይ ብድር ወሰደ። ያንን ለመክፈል ሌላ ወሰደ። ሌላውን ለመክፈል ደግሞ ሌላ። አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን አጠገቡ ሁለተኛ ጉድጓድ እንደሚቆፍር ሰው ሆነ። ስልኩ መልእክት ባመጣ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያነብና ማስታወቂያ ነው እያለ ኪሱ ይከታል። ያን ቅዳሜም እንዲሁ አድርጎ ነው ዓይኑን የጨፈነው።

በሕልሙ ራሱን ያገኘው ፍሪጁን በገዙበት ሱቅ ውስጥ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ ከትርሲትና ከወይዘሮ አጸደ ጋር ተደርድረው ቆመዋል። ደረታቸው ላይ ዋጋ ተለጥፏል። ገዢው ሁሉ የቤት ዕቃ ነው። ሁለት ወንበሮች ለሽያጭ የቆመ አንድ ጡረተኛ ሻምበልን እየዞሩ ካዩ በኋላ፣ ይመች አይመች እንደሆነ ለማወቅ ተራ በተራ ተቀመጡበት። ሻምበሉ ቀጥ ብሎ ቻላቸው። አንደኛዋ ወንበር ወገቡ ትንሽ ያረጀ ነው ብላ ዋጋ እንዲቀነስላት ጠየቀች።

ከዚያ የእነምንተስኖት ፍሪጅ ገባ። የእነሱው እንደሆነ በግራ በሩ ላይ ባለችው ጭረት ለየው። አጠገቡ ሚስቱ ነበረች፤ ትርሲት ስታገባ ይዛው የመጣችው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን። ሻጯ ካውያ ናት። ነገሩን ሁሉ እያለሰለሰች ነው የምትናገረው።

"ይሄ ሰውዬ ብዙ ይበላል?" ሲል ፍሪጁ ጠየቃት።

"ሲበላ እንኳ አይታወቅም" አለች ካውያዋ። "ሲተኛ ግን ትንሽ ድምፅ አለው። ለዚህ ዓይነቱ ጤና ነው፤ አያስቡ።"

ቁም ሳጥኗ ትርሲትን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በመስታወቷ አየቻትና ይህችኛዋ ብቻዋን አትሸጥም ወይ አለች። ካውያዋ ግን ሁለቱ ለጊዜው ተነጣጥለው እንደማይሸጡ፣ ሁለቱን በዱቤ ለሚወስድ ደግሞ አሮጊቷ በምርቃት እንደሚሰጡ አስረዳች።

"ስድሳ ሰባት ዓመት ኖሬ ምርቃት ልባል?" አሉ ወይዘሮ አጸደ።

በዚያ አገር የሚሸጥ ነገር ሲናገር ገዢው አይሰማውም።

ፍሪጁ ለቅድሚያ ክፍያ ገንዘብ ሊያወጣ ሦስቱንም በጋሪ ጭኖ ባንክ ወሰዳቸው። ባንኩ ውስጥ ሥራ አስኪያጁና ገንዘብ ከፋዮቹ ከረባታቸውን አጥብቀው፣ የተራ ቁጥራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከመስኮቱ ወዲያ መነጽር ያደረገች አንዲት ጥቁር በግ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ከበጓ ገንዘብ ለመበደር እንዲፈቀድለት ለመነ። በጓ ዋስ አለህ ወይ አለችው። ሁለት ዋስ እንዳለው፣ ሁለቱም ደንበኞቹ እንደሆኑ ነገራት። በጓ የሞላውን ቅጽ ቆርጥማ ቀመሰችና ፊርማ ይጎድለዋል፤ ነገ ተመለስ አለችው። ሥራ አስኪያጁ አመስግኖ ወጣ። የፍሪጁን ቅጽ ግን ጣፍጧት ጨርሳ በላችው፤ ገንዘቡም ተፈቀደ።

ቤት ሲደርሱ ፍሪጁ ድሮ እሱ ይቆምበት የነበረው ጥግ ላይ አቆማቸው። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ አየር እንዲያገኙ አስቦ ነው ያቆማቸው። ከሥራ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው የምንተስኖትን አፍ ከፍቶ ወደ ውስጥ ማየት ነው። ትክ ብሎ ያያል፤ ምንም አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ይዘጋል። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ተመልሶ ይከፍታል። ምንተስኖት በመንጋጋው ሕመም መካከል፣ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ፍሪጁን እንዲህ ሲያደርገው እንደኖረ ትዝ አለውና አፈረ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ሊጠይቅ መጥቶ፣ በዚህ ከተማ ሰው መግዛት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው ብሎ ስቆባቸው ሄደ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራት በሌለበት ሳምንት ፍሪጅ ደመወዝ አያገኝም። አንድ ቀን ምንተስኖት ፍሪጁን ከቁም ሳጥኗ ተደብቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስልክ ሲነካካ አየው። በሩ ይንቀጠቀጣል። ከእግሩ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል።

"ምን ሆነህ ነው?" አለው። የሚሰማው አልመሰለውም ነበር። ፍሪጁ ግን ሰማው።

"የእናንተ ክፍያ ደርሶብኝ ነው" አለ። "ካልከፈልኩ መጥተው ይወስዷችኋል። ምርቃቷን ሳይቀር።"

ምንተስኖት ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዲህ አዝኖ አያውቅም። ለአዲስ ሠልጣኝ እንደሚያስረዳ ረጋ ብሎ መከረው። ያለብህን ሁሉ ሳትደብቅ ወረቀት ላይ ጻፈው አለው። ለሁሉም በየወሩ የግድ የሚከፈለውን ትንሹን እየከፈልክ፣ የተረፈችህን ትንሹ ዕዳ ላይ አድርግ፤ እሱ ሲያልቅ ለእሱ ትከፍል የነበረውን በሚቀጥለው ላይ ጨምር አለው። ዕዳ ለመክፈል ብለህ ሌላ አትበደር። ከሁሉ በፊት ግን ለሚስትህ ንገራት አለው። ምንተስኖት ይህን ሁሉ ማወቁን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አያውቅም ነበር። በራሱ አንደበት ተገረመ።

ፍሪጁ አንደኛውን በሩን ገርበብ አድርጎ አየው።

"አንተስ ለሚስትህ ነግረሃታል?"

ትርሲት ክንዱ ክንዷን እየነካ አጠገቡ ቆማ ነበር። ወደ እሱ አልዞረችም። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ከሱቁ ሲወጡ ከነበረው ቀንሷል። ምንተስኖት የእሱን ዋጋ ለማየት ጎንበስ ቢል፣ የእሱ ጭራሽ ተሰርዟል። ተመልሰው ሱቅ ከገቡ እሷን ብቻዋን የሚወስድ እንደማይጠፋ ገባው። ወዲያው ከደጅ የጋሪ ጎማ ድምፅ ተሰማ። በበሩ ሥር የካውያዋ እንፋሎት ቀስ እያለ ይገባ ጀመር።

ያን ጊዜ ምንተስኖት ማንም ሳይከፍትለት አፉን ራሱ ከፈተ።

"የመጀመሪያው ሦስት ሺህ አምስት መቶ ነው" አለ። "ከስልኩ ነው የወሰድኩት፤ በታኅሣሥ። ሁለተኛው ስድስት ሺህ።"

ጋሪው በር ላይ ደርሶ ቆመ።

"ሦስተኛው…"

ነቃ።

ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ናት። ወይዘሮ አጸደ ከፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ያዩታል። ትርሲት ከሶፋው ጫፍ፣ እግሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የመብራት ደረሰኝ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ብዕር ሦስት ሺህ አምስት መቶ ተጽፏል፤ ከሥሩ ስድስት ሺህ፤ ከሥሩ ባዶ መስመር።

"ምነው ነቃህ?" አለች ትርሲት በቀስታ። "ሦስተኛው ላይ ደርሰህ ነበር።"

ምንተስኖት ጣሪያውን አየ። ቅዠት ነው ሊላት አስቦ፣ ወረቀቱን ሲያይ ተወው።

"አሥራ አንድ ሺህ" አለ።

ትርሲት ጻፈችው። ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸችም። ዜሮዎቹን አንድ በአንድ አስተካክላ አከበበችና ቀና አለች።

"ለሚስትህ ንገራት እያልክ ትመክረው የነበረው ማንን ነው?"

"ፍሪጁን።"

ወይዘሮ አጸደ አማተቡ። ትርሲት እንደገና ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ፣ ከአሥራ አንድ ሺሁ ሥር ሌላ ቁጥር ጻፈች፤ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። ምንተስኖት አንገቱን አስግጎ አነበበው። በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

"ይሄኛው የእኔ አይደለም" አለ።

"አይደለም" አለች ትርሲት፤ ብዕሩን ዘረጋችለት። "የእኔ ነው። በል ደምር።"