አማቴና የበረሃው ከተማ ባለጸጋ

አማቱን ይዞ ሽርሽር የሚወጣ ወንድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጀግና ነው፣ ሌላው አልተነገረውም። እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ ጨርሳችሁ እናንተው ፍረዱ!

ባለቤቴ ሠናይት ሲያትል አብራት የምትሠራ ህንዳዊት ጓደኛ አለቻት። ልጅቷ ሠርጓን ጃይሳልመር በምትባል የህንድ የበረሃ ከተማ ደገሰችና ቤተሰቡን በሙሉ ጠራችን። እዚያ እንደደረስን ሠናይት ከሙሽራዋ ጋር ሂና ልትቀባ ሄደች፤ መንትዮቹን ልጆቻችንን ይዛ እናቷን፣ እማማ ሽታዬን፣ ለአንድ ቀን ለእኔ አስረከበችኝ። ርክክቡ ታዲያ ከማስጠንቀቂያ ጋር ነው።

"ስማ! ዛሬን ካበላሸኸው እማዬ ታኮማ ወንድሜ ጋ መሄዷ ነው። ከሄደች ደግሞ መንትዮቹን የምትይዘው አንተ ነህ። ኦኬ?"

እማማ ሽታዬ መርካቶ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የነገዱ ሴት ናቸው። ሲያትል ጥግ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር እኛ ቤት አራት ዓመት ኖረው መሯቸዋል። "ይሄ ቤት ሰው አይገባበትም፤ ኮል ሳያደርግ የሚመጣ ፖስተኛው ብቻ ነው!" ይላሉ። ታኮማ ያለው ወንድ ልጃቸው ጎረቤት አለው፣ ማኅበር አለው፣ ደጁ ሰው አያጣም። እኔ ያለኝ ጋራዥ ነው። ሶ… ከህንድ መልስ ጠቅልለው ወደ እሱ ሊገቡ ቆርጠዋል። እኔም እንዳይሄዱብኝ ያለችኝ ዕድል ያቺው አንድ ቀን ናት።

"ዛሬ የት ልትወስደኝ ነው?"

"የትልልቅ ነጋዴዎች ቤት ልናይ ነው። ሀቬሊ ይሉታል።"

"የምን ነጋዴዎች?"

"የጨርቅ፣ የወርቅ ክር…"

ፊታቸው በራ! በአራት ዓመት እንዲህ ሲበራ አይቼው አላውቅም። "ሰዎቹ እኮ ከሞቱ መቶ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል" የምትለው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ውሸታሞች!

እማማ ደግሞ ሰው ቤት ባዶ እጃቸውን አይገቡም። ጠዋት ከሆቴሉ አጠገብ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዙ። ቀጥለው ከሻንጣቸው ሥር አንድ ብርድ ልብስ መዘዙ፤ ያን ሲያትል ሶዶ ከሚባል ሰፈር መጋዘን በቅናሽ የገዙትን፣ በግ የሚያህለውን!

"እማማ፣ በረሃ ላይ ነን እኮ! ፀሐዩን አላዩትም?"

"ብርድ ልብስ የሚሰጠው ለብርድ ነው ያለህ ማነው?" አሉኝ። ስኳሩንም ብርድ ልብሱንም ተሸከምኩ።

ቤቱስ ቤት ነው! ቢጫ ድንጋዩ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ፣ ሰገነቱ በሰገነት ላይ ተደራርቦ… እማማ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ "ይሄ ነጋዴ ያውቅበታል" አሉ። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁና ግቢው መሀል ቆመው ዙሪያውን ቃኙ። ጢማሙ አስጎብኚ ሲመጣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ባለቤቱ የታሉ በልልኝ።"

ጠየቅኩት። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ "ሞተዋል" አለ። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ተረጎምኩ መሰላችሁ?

"ወጣ ብለዋል።"

"እንግዲያማ እንጠብቃቸዋለን" አሉና "እንዳትነኩ" ተብሎ በገመድ የታጠረው ፍራሽ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ!

አስጎብኚው ዓይኑን አፈጠጠ። እኔ በላብ ታጠብኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እማማ ፊት ለፊት የተሰቀለውን የሽማግሌ ሥዕል ልብ ብለው አዩት። የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሎበታል። መርካቶ ያደገ ሰው ደግሞ አይታለልም።

"አንተ… ሰውዬው ሞተዋል እንዴ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ውይ በሞትኩት! መቼ?"

"ትንሽ… ቆየት ብሏል።"

"ከአርባቸው በፊት ነው በኋላ?"

"ከአርባቸው… በኋላ ነው።"

"አንተ ምናምንቴ! ለቅሶ ቤት መሆኑን ሳትነግረኝ እንዲህ ተሸልሜ ታመጣኛለህ?" ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያጣፉ ከፍራሹ ወረዱና መሬት ቁጭ አሉ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ…

"እኔን! እኔን! ይሄን የመሰለ ቤት ሠርተህ፣ ለማን ትተኸው ሄድክ? የቡና ሰው እንኳ የለበትም፣ እኔን!"

ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን አወጣ። ከየሰገነቱ ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! "በቃ ታኮማ ገቡ" አልኩ በሆዴ። አስጎብኚው ሊያስወጣን ነው ብዬ ብርድ ልብሴን አቅፌ ስጠብቅ… ባርኔጣውን አውልቆ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"የአያቴ አያት ናቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ንግዱ ሲቀዘቅዝ ልጆቻቸው ወደ ትልልቅ ከተማ ተበተኑ። አስራ አንድ ዓመት ሳስጎበኝ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ ክፍሉ ስንት ነው፣ ሽንት ቤቱ የት ነው። እኝህ እናት ግን አለቀሱላቸው።"

ይህን ለእማማ አንድም ሳልዋሽ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም የሰውዬውን እጅ ይዘው "እግዜር ያጽናችሁ፣ ልጄ" አሉት። ስኳሩንም ብርድ ልብሱንም ሰጡት። በዚያ ሐሩር ትከሻው ላይ ደረበው፣ እግዜር ይስጠው! ሻይ አስመጣ፤ ለጎብኚ የማይከፈተውን የላይኛውን እልፍኝም ከፍቶ አሳየን።

በባጃጅ ወደ ሆቴሉ ተመለስን። እኔም እሳቸውን ታኮማ ለመውሰድ የትኛው ቅዳሜ እንደሚመቸኝ በሆዴ አሰላለሁ።

"ታኮማውን ትቼዋለሁ" አሉ ድንገት።

"እንዴ! ምነው እማማ?"

"እዚያ ያለው ልጄ ሰው አለው። ይሄን ያህል ቤት የሠራ ሰው እንኳ አልቃሽ አጥቶ እኔ ባሕር ተሻግሬ ደረስኩለት። አንተ ነገ ብትሞት ሠናይት ሦስት ቀን ፈቃድ ትወስዳለች፣ ልጆችህ 'ሶሪ ዳድ' ይላሉ። ከዚያስ? ማን አለህ? አንተን ጥዬማ የትም አልሄድ።"

አቅፌ ሳምኳቸው። ምን ላድርግ? አማት የመረቀውን በአሜን መቀበል ነው።

ይኸው ስካይዌይ ከገባን ሳምንት ሆነን። ሻንጣቸውን ፈተዋል፤ ሠናይት ደስ ብሏታል፤ መንትዮቹም በአያታቸው እጅ ናቸው። ብቻ ትናንት ትንሽ ሳል ብጤ ጀማመረኝና ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። እማማ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ ግንባሬን ዳሰሱ፣ በረጅሙ ተነፈሱ… ከዚያ "ይማርህ" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን ያሟሹ ጀመር።